አልፎ አልፎ ዝም የሚል ሰርቨር፦ ከሩቅ ሆኖ ምክንያቱን ስለ መፈለግ

 

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ዓይነት ብልሽት ብቻ ነው። ከእኛ ርቆ፣ በሌላ ከተማ ወይም በሌላ አገር የሚሠራ ሰርቨር አለ እንበል። የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የክሊኒክ መዝገብ ወይም የነጋዴ ሒሳብ ይዟል። አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ነው። በመሀል ግን ድንገት ዝም ይላል። ገጹ አይከፈትም፤ ባለሙያውም ሊገባበት ቢሞክር አይሆንለትም። ጥቂት ቆይቶ ማንም ሳይነካው ይመለሳል፤ ወይም አንድ ሰው ሪስታርት ያደርገውና ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይሠራል፣ እስከሚቀጥለው ጊዜ ድረስ።

ፈጽሞ የሞተ ማሽን ራሱን ያጋልጣል፤ እንደሞተ ስለሚቆይ ተረጋግቶ መመርመር ይቻላል። የሚሄድና የሚመጣው ብልሽት ግን ሰው ያጣላል። መሥሪያ ቤቱ የኢንተርኔት አቅራቢውን ይወቅሳል፣ አቅራቢው ፕሮግራሙን የጻፈውን፣ እሱ ደግሞ ሰርቨሩን ያከራየውን። ሁሉም የሚናገሩት በግምት ነው፤ ብልሽቱ በነበረበት ሰዓት ያየ የለምና። በዚህ መሀል ካርዱ ያልተገኘለት ሕመምተኛ ወረፋ ይጠብቃል፤ ገና ሥራ የጀመረ ወጣት ባለሙያም ባላወቀው ነገር ተጠያቂ ይሆናል። ጉዳዩን ለሕዝብ ንግግር የመረጥሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ላሳምናችሁ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። እንዲህ ያለ ብልሽት የሚያዘው ከመምጣቱ በፊት በቦታው በተቀመጠ ምስክር ነው። ወደዚያ ለመድረስ በመጀመሪያ «ዝም አለ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እንለያለን። ቀጥሎ መንገዱንና ማሽኑን በየተራ እናያለን። በመጨረሻ ስለ ምስክሮቹና ስለ ሰዓት እናገራለሁ፤ እዚያ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ሰርቨሩን ስለሚያሠራው ሲስተም፣ ስለ ሊኑክስ፣ አንድ ነገር ልበል። ሊኑክስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጀመረው ሥራ ነው፤ ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ አብዛኞቹ የኢንተርኔት ሰርቨሮች የሚሠሩት በእሱ ነው። ለዛሬው ጉዳያችን ስለ ሊኑክስ ማወቅ የሚያስፈልገን አንድ ልዩነት ነው። በአንድ በኩል ሚሞሪውን፣ ዲስኩንና ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው ከርነል አለ። በሌላ በኩል ከከርነሉ በላይ የሚሠሩት ፕሮግራሞች አሉ፤ ድረ ገጹን የሚያቀርበው፣ ዳታቤዙ፣ ከሩቅ የሚያስገባን ኤስ.ኤስ.ኤች ከእነዚህ ናቸው። ከርነሉ ደኅና ሆኖ ፕሮግራሞቹ ሊቆሙ ይችላሉ።

ሰርቨር ዝም ሲል ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናደርገው ፒንግ ነው። ፒንግን እ.ኤ.አ. በ1983 መጨረሻ የጻፈው በአሜሪካ ጦር የባለስቲክ ምርምር ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ማይክ ሙስ ነው፤ የጻፈውም ኔትወርኩ ግራ የሚያጋባ ጠባይ ስላሳየው ነበር። ፒንግ ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ እስኪመጣ የሚወስደውን ጊዜ ይለካል። ታዲያ ያንን መልስ የሚሰጠው ከርነሉ ራሱ እንጂ ፕሮግራሞቹ አይደሉም። ሚሞሪ አልቆ፣ ዲስክ ተጣብቆ፣ ፕሮግራሞቹ በሙሉ ቆመው ሳለ ፒንግ ያለ አንዳች መዘግየት ሊመልስ ይችላል። ግቢ በር ላይ ያለ ዘበኛ ሲጠሩት «አቤት» ይላል፤ ባለቤቶቹ ቤት ስለ መኖራቸው ግን ከዚህ ምንም ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ «ፒንግ ይመልሳል፣ ሰርቨሩ ደኅና ነው» የሚለውን ፍርድ አትቀበሉ። ተቃራኒውም እንዲሁ አያስተማምንም፤ ፒንግን ብቻ ለይተው የሚያግዱ ፋየርዎሎች ስላሉ፣ መልስ መጥፋቱ የማሽኑን መሞት አያረጋግጥም።

ከፒንግ ይልቅ ብዙ የሚነግረን ኤስ.ኤስ.ኤች ነው። ፊንላንዳዊው ታቱ ዩሎነን እ.ኤ.አ. በ1995 ይህን የጻፈው በዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ ፓስወርዶች በመሰረቃቸው ነበር። ለመግባት ስንሞክር የምናየው ነገር በየደረጃው ይለያያል፤ የት ላይ እንደቆመ በትክክል መመዝገብ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ሥራ ያቀልላል። ወዲያውኑ «ግንኙነቱ ተከልክሏል» የሚል መልስ ከመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ሕያው ነው፤ መንገዱም ክፍት ነው፤ የሌለው ፕሮግራሙ ነው። ምንም ሳይመለስ ጊዜው ካለቀ፣ መንገዱ ተቋርጧል፣ ፋየርዎል ጥሎታል ወይም ማሽኑ ከነከርነሉ ቆሟል። ሦስተኛው ሁኔታ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው፤ ግንኙነቱ ይከፈታል፣ ከዚያ በኋላ ግን የኤስ.ኤስ.ኤች የመጀመሪያ የሰላምታ መስመር አይመጣም። ግንኙነቱን የሚከፍተው ከርነሉ ነው፤ ሰላምታውን የሚጽፈው ግን ፕሮግራሙ ነው። ይህን ያየ ሰው ኔትወርኩን መወንጀል ትቶ ፊቱን ወደ ሚሞሪና ወደ ዲስክ ማዞር አለበት።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። ለምሳሌ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ድረስ ቀጥታ ርቀቱ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊ ሰከንድ ሊያንስ አይችልም፤ በተግባር ከዚያ በላይ ነው። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት መረጃው በመጀመሪያ እንደ ጅቡቲና ኬንያ ባሉ ጎረቤቶች በኩል ወደ ባሕር ውስጥ ገመዶች ይደርሳል። በእኛ አቆጣጠር በየካቲት 2016 በቀይ ባሕር ውስጥ በርካታ ገመዶች በተጎዱ ጊዜ ችግሩ በአካባቢው ባሉ አገሮች ተሰምቷል። መንገዱ እውነተኛ የችግር ምንጭ መሆኑን አልክድም። ሆኖም የገመድ መቆረጥ ሁሉንም ነገር የሚነካ ስለሆነ ቶሎ ይታወቃል። አንድ ሰርቨርን ብቻ ነጥለው የሚያስቸግሩት የመንገድ ችግሮች ከዚህ የረቀቁ ናቸው።

ከእነዚህ አንደኛው ሥራ ፈትቶ የቆየ ግንኙነት መቋረጥ ነው። ባለሙያው ገብቶ ሲሠራ ስልክ ይደወልለታል፤ ተነጋግሮ ሲመለስ ስክሪኑ ደርቆ ይጠብቀዋል። «ሰርቨሩ ቆመ» ብሎ ይመዘግባል። በእርሱና በሰርቨሩ መካከል ያሉት አድራሻ የሚለውጡ መሣሪያዎች እያንዳንዱን ግንኙነት በሠንጠረዥ ይይዛሉ፤ ለጥቂት ደቂቃ ምንም ካላለፈበት ይሰርዙታል። ለምሳሌ በአማዞን ክላውድ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ናት ጌትዌይ 350 ሰከንድ ብቻ ይታገሣል። ሊኑክስ በበኩሉ «አለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው፣ መጠየቅ በተፈቀደለት ግንኙነት ላይ እንኳ፣ በመደበኛ ቅንብሩ ከ7,200 ሰከንድ ማለትም ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ግንኙነቱ ማንም ሳያውቅ ይሞታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ኤስ.ኤስ.ኤች በየደቂቃው አንድ ትንሽ መልእክት እንዲልክ በተጠቃሚው በኩል ማዘዝ ይበቃል።

ሁለተኛው የፓኬት፣ ማለትም መረጃው ተከፋፍሎ የሚላክበት ቁራጭ፣ መጠን ጉዳይ ነው። የተለመደው የኢተርኔት ፓኬት ከፍተኛ መጠን 1,500 ባይት ነው፤ በመሀል ያለ መስመር ግን ከዚያ ያነሰ ብቻ ሊያሳልፍ ይችላል፤ በብዙ የዲ.ኤስ.ኤል መስመሮች 1,492 ነው። እንዲህ ሲሆን በመሀል ያለው ራውተር «አሳንሰህ ላክ» የሚል መልእክት ለላኪው መመለስ አለበት። አንዳንድ ፋየርዎል ይህን መልእክት ያግደዋል። ያን ጊዜ ትንንሾቹ ፓኬቶች ያልፋሉ፣ ትልልቆቹ ግን ድምፃቸው ሳይሰማ ይጠፋሉ። ፒንግ ይሠራል፣ መግባትም ይቻል ይሆናል፤ ረጅም ፋይል ለማየት ሲሞከር ግን ሁሉም ነገር ይደርቃል። ማረጋገጫው ፓኬቱ እንዳይከፋፈል ከልክሎ በ1,472 ባይት ፒንግ ማድረግ ነው፤ 28 ባይት ራስጌ ሲጨመርበት 1,500 ይሞላል። ትንሹ ፒንግ አልፎ ይህኛው ከጠፋ ምክንያቱ ተገኝቷል።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ሁለት ማሽኖች አንድ ዓይነት አይፒ አድራሻ ከያዙ ሰርቨሩ አንዴ ይገኛል አንዴ ይጠፋል። የፋየርዎሉ የግንኙነት ሠንጠረዥ ከሞላ ደግሞ ቀድሞ የገባው ሰው ሥራውን ይቀጥላል፣ አዲስ መጪ ግን አይገባም፤ ከርነሉም ሠንጠረዡ መሙላቱን በሎጉ፣ ማለትም የሆነውን በሚጽፍበት መዝገብ፣ ውስጥ በግልጽ ይጽፋል። ከኢንተርኔት ፓስወርድ እየገመቱ የሚመጡ ፕሮግራሞች በር ላይ ሲበዙም ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። ኤስ.ኤስ.ኤች በመደበኛ ቅንብሩ ማንነታቸውን ያላረጋገጡ ግንኙነቶች 10 ሲደርሱ ከአዲሶቹ 30 በመቶውን በዕጣ መጣል ይጀምራል፤ 100 ሲደርሱ ሁሉንም ይጥላል። ባለቤቱም ከዕጣው አያመልጥም። ሰርቨሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ «አንዳንዴ አልገባም ይላል» የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

የማሽኑ ጉዳይ ከመንገዱ ይልቅ ጠለቅ ያለ ነው። እኔ ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው ሚሞሪን ነው። ሚሞሪ ሲሞላ ከርነሉ ለጊዜው የማይፈለገውን ወደ ዲስክ ያወጣል። ከሚሞሪ ማንበብ ከሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ በታች ይወስዳል፤ ከሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ማንበብ ወደ 10 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። ልዩነቱ ከአሥር ሺህ እጥፍ በላይ ነው። ማሽኑ ሥራውን ትቶ በማውጣትና በማስገባት ብቻ ሲጠመድ፣ ለሚመለከተው ሰው ከሞተ ማሽን አይለይም። ከርነሉ በመጨረሻ አንድ ትልቅ ፕሮግራም መርጦ ይገድላል፤ ሚሞሪው ይለቀቃል፤ ሰርቨሩም «ማንም ሳይነካው» ይመለሳል። የተገደለው ፕሮግራም ስም በከርነሉ ሎግ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ብልሽቱ በራሱ ከተመለሰ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው።

ቀጥሎ ዲስክ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ቁጥር ማስረዳት አለብኝ፤ ሎድ አቬሬጅ የሚባለውን። ብዙዎች የፕሮሰሰር ሥራ መብዛት መለኪያ ብቻ ይመስላቸዋል። በሊኑክስ ግን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ይህ ቁጥር ዲስክን እየጠበቁ ያሉትንና ሊቋረጡ የማይችሉትንም ፕሮግራሞች ይቆጥራል። ቁጥሩ 60 ደርሶ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ካያችሁ ፈጣን ፕሮሰሰር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሁሉም የሚጠብቁት አንድ የማይመልስ ዲስክ ወይም በኔትወርክ የተያያዘ፣ እሱ ራሱ የጠፋ የፋይል ሰርቨር ነው። በብዙ ሰርቨሮች ላይ ከርነሉ ከ120 ሰከንድ በላይ እንዲህ የቆመን ፕሮግራም በስሙ ጠርቶ በሎጉ ያስጠነቅቃል። በክላውድ ላይ ለተከራዩ ማሽኖች ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል። የፕሮሰሰር ኮታ ያላቸው ርካሽ ዓይነቶች አሉ፤ የአማዞኑ ቲ2 ማይክሮ ያጠራቀመው ኮታ ሲያልቅ ወደ 10 በመቶ አቅም ይወርዳል። ቀኑን በደኅና ውሎ ሥራ ሲበዛ የሚደክም ሰርቨር በዚህም ይመረመር።

እስካሁን የዘረዘርሁትን ሁሉ የሚያውቅ ሰው እንኳ ብልሽቱ ሲመጣ ውጭ ቆሞ ከቀረ ምንም አይጠቅመውም። ስለዚህ ወደ ዋናው ጉዳዬ ገባሁ።

ሁለት ምስክሮች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ። የውስጡ ምስክር በየደቂቃው ሰዓቱን፣ የሚሞሪውን መጠን፣ የዲስኩን ሁኔታና የቆሙትን ፕሮግራሞች ብዛት ወደ ፋይል የሚጽፍ ትንሽ ፕሮግራም ነው። የውጩ በሌላ ቦታ ያለ ማሽን ሆኖ በየደቂቃው ወደ ሰርቨሩ ፒንግ ያደርጋል፣ ኤስ.ኤስ.ኤችንና ድረ ገጹን ያንኳኳል፣ ያየውን ከነሰዓቱ ይጽፋል። ብልሽቱ ካለፈ በኋላ ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። የውጩ «ጠፋ» ባለባቸው ደቂቃዎች የውስጡ ሳይቋረጥ ከጻፈ፣ ማሽኑ ሕያው ነበር፤ መንገዱን መርምሩ። የውስጡም መጻፍ አቁሞ በኋላ ያለ ሪስታርት ከቀጠለ፣ ማሽኑ ታንቆ ነበር፤ ከመቆሙ በፊት ያሉትን የመጨረሻዎቹን መስመሮች አንብቡ። መጻፉ ቆሞ የሚቀጥለው መስመር አዲስ መነሳትን ካሳየ፣ ኤሌክትሪክ ሄዷል ወይም ከርነሉ ወድቋል። ባዶው ቦታ ራሱ ማስረጃ ነው። ሰዎች ለሳምንታት የሚከራከሩበትን ጥያቄ ይህ ትንሽ ዝግጅት ይፈታዋል።

ሲስስታት የሚባለው የታወቀ ፕሮግራም ይህን የውስጥ ሥራ ይሠራል፤ በመደበኛው ግን የሚመዘግበው በየ10 ደቂቃው ነው። ሦስት ደቂቃ የሚቆይ ብልሽት በሁለት ምዝገባዎች መካከል ሾልኮ ያልፋል። ወደ አንድ ደቂቃ አውርዱት። ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ በአንዳንድ ሲስተሞች ላይ የሎግ መዝገቡ የሚቀመጠው ሚሞሪ ውስጥ ብቻ ነው። ሪስታርት ሲደረግ አብሮ ይጠፋል። በዲስክ ላይ እንዲቀመጥ አስቀድሞ ማዘዝ ይገባል። ዲስኩ ራሱ የሚጠረጠር ከሆነ ደግሞ የከርነሉን መልእክት በኔትወርክ ወደ ሌላ ማሽን መላክ ይቻላል፤ የታመመ ዲስክ ስለ ሕመሙ በራሱ ላይ ሊጽፍ አይችልምና።

ስለ ሰዓት ልናገር። የእኛ አገር ባለሙያ ብዙዎችን የማይገጥም ችግር አለበት። ከመሥሪያ ቤቱ ተደውሎ «ጠዋት 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ቆመ» ይባላል። ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ያ ቅጽበት በሎጉ ውስጥ የተጻፈው 6፡15 ተብሎ ነው። 3፡15ን የሚፈልግ ባለሙያ ሌላ ሰዓት ያነብባል፤ 9፡15 ብሎ የሚፈልገውም እንዲሁ። ለጠዋትና ለቀን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ላይ ሦስት መደመር፣ ለምሽት ደግሞ አሥራ አምስት መደመር ነው። ይህን ትንሽ ሒሳብ በጽሑፍ አድርጋችሁ ከስልኩ አጠገብ ለጥፉት፤ ለደዋዩም «በየትኛው ሰዓት አቆጣጠር ነው?» ማለትን ልማድ አድርጉ።

ሰዓቱ ሲገጥም ምክንያቱ ራሱ የሚገለጥበት ጊዜ አለ። ዴቢያንና ኡቡንቱ በሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች የየዕለት ሥራዎች መነሻ ሰዓት በመደበኛው 6፡25 ነው። ያዘጋጁት ሰዎች ሰው ገና ሥራ የማይጀምርበትን ማለዳ አስበው ነው። ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት ሲሠራ ግን 6፡25 ማለት አዲስ አበባ ላይ ጠዋት 3 ሰዓት ከ25 ነው፤ ቢሮው በሙሉ ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት። አንድ ሰው በዚያው ተራ ውስጥ ከባድ የመጠባበቂያ ቅጂ ሥራ ጨምሮበት ከሆነ፣ በየጠዋቱ የሚመጣው መታፈን ምስጢር አይደለም።

በዓለም ደረጃም ሰዓት ራሱ ወንጀለኛ የሆነበት ቀን ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 30 ቀን 2012 መጨረሻ ላይ፣ በእኛ ሰኔ 24 ቀን 2004 ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ የዓለምን ሰዓት ከምድር ዙረት ጋር ለማስማማት አንድ ሰከንድ ተጨመረች። በሊኑክስ ከርነል ውስጥ በነበረ ስሕተት ምክንያት የውስጥ ሰዓት ቆጣሪዎቹ በአንድ ሰከንድ ተዛነፉ፤ ከሰከንድ ላነሰ ጊዜ መተኛት የነበረባቸው ፕሮግራሞች ሳይተኙ ወዲያው እየነቁ ፕሮሰሰሩን በከንቱ ይፈጁት ጀመር። ሬዲትና ሞዚላን የመሳሰሉ ታላላቅ አገልግሎቶች ተስተጓጎሉ፤ በአውስትራሊያ የኳንታስ አየር መንገድ መንገደኞች ተጉላሉ። ሪስታርት ማድረግ ያድን ነበር፤ ሰዓቱን በአንድ ትዕዛዝ መልሶ ማስተካከልም ያለ ሪስታርት ያድን ነበር። ይህን ሁለተኛውን መንገድ ያገኙት ማሽኖቹ እየተሰቃዩ ሳለ ውስጣቸውን የመረመሩ ሰዎች ናቸው።

በዚህ ምክንያት ነው ሪስታርትን ከመጫን በፊት ጥቂት ደቂቃ የምለምናችሁ። ሰርቨር የሚያከራዩ ድርጅቶች ከዋናው ኔትወርክ ተለይቶ የማሽኑን ስክሪን የሚያሳይ መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ይሰጣሉ። ያንን መንገድ ሰላም በሆነ ቀን ሞክሩት፤ ፓስወርዱም የት እንዳለ እወቁ። ብልሽቱ ሲመጣ መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ ያለውን ፎቶ አንሱ። መግባት ከተቻለ የፕሮግራሞቹን ዝርዝር፣ የሚሞሪውን ሁኔታና የከርነሉን የመጨረሻ መልእክቶች ወደ ፋይል ገልብጡ። ሕመምተኛ እየጠበቀ ከሆነ ሪስታርቱ አይዘግይ፤ ያቺን አንዲት ደቂቃ ግን ለማስረጃው ስጡት።

የቀረኝ፣ መዳኑ በምን ይታወቃል የሚለው ነው። አንድ ነገር ተለወጠ፤ ሰርቨሩም አንድ ሳምንት ሰላም ሆነ። ሁሉም ተደሰተ። ብልሽቱ በአማካይ በሳምንት አንዴ ያለ ቋሚ ቀን የሚመጣ ከሆነ ግን፣ ምንም ባይለወጥም አንድ ሳምንት በሰላም የማለፍ ዕድሉ 37 በመቶ ነው። ለሦስት ሳምንት በሰላም የማለፍ ዕድሉ ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ በብልሽቶቹ መካከል የሚኖረውን አማካይ ጊዜ ሦስት እጥፍ ጠብቁ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ ነገር አትለውጡ፤ ሁለት ነገር አብሮ የለወጠ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም። የለወጣችሁትን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ጻፉ፤ ሁለቱንም ምስክሮች በቦታቸው ተዉአቸው።

 አሁን በየመሥሪያ ቤታችሁ የገጠማችሁን ካነሳችሁልኝ አብረን እናየዋለን፤ ስትነግሩኝ ግን ከሰዓቱ ጀምሩልኝ።